ለክላሲክ መኪና የመሪ ዘንግ መለዋወጫ እንዴት ይፈለጋል?

መሪው መዋለል ወይም መንቋቋት ሲጀምር ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሙሉ የመሪ ዘንግ ገዝቶ መቀየር ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የመኪናዬን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ብቻ ተናግሬ አንድ ያገለገለ ዘንግ አስመጣሁ። ሲደርስ ማርሹ መሪው ላይ ላለ መኪና የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የእኔ ማርሽ ደግሞ ወለል ላይ ነው። ርዝመቱም አልገጠመም። ሻጩ አላታለለኝም፤ ሞዴሉም ዓመቱም ልክ ነበር። የማርሹን ቦታ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋውን የምጀምረው ከገበያው ሳይሆን ከራሱ ከመኪናው ነው።

የመሪ ዘንግ ስል ከመሪው ሥር ጀምሮ፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ እስከሚያስተላልፈው መሪ ሳጥን ድረስ ያለውን ሁሉ ማለቴ ነው። መሃል ላይ ዘንጉ አለ። ዘንጉን የሚሸፍን ቱቦ አለ። ላይና ታች ኩሽኔታ አለው። የፍሬቻ ማብሪያው፣ የክላክሱ መገናኛ፣ በብዙ መኪኖችም የሞተር ማስነሻ ቁልፉ እዚያው ላይ ናቸው። ከታች ደግሞ ዘንጉን ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዝ የጎማ መጋጠሚያ ወይም ክሮቼራ (የሚተጣጠፍ የብረት መጋጠሚያ) አለ።

የተበላሸውን ለዩ

መኪናው ይቁም፣ ጎማዎቹ መሬት ይንኩ። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ የታችኛውን መጋጠሚያ ተመልከቱ። ከላይ በኩል ያለው ሲዞር ከታች ያለው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ፣ የመጋጠሚያው ጎማ ደክሟል ወይም ክሮቼራው ተበልቷል። ሁለቱ ወገኖች እኩል እየዞሩ ጎማዎቹ ግን ካልተነቃነቁ፣ ችግሩ መሪ ሳጥኑ ወይም ከዚያ ወዲያ ያሉት የመሪ እጆች ናቸው። ያኔ የዘንግ ዕቃ መፈለጉን ተዉት።

ቀጥሎ መሪውን ይዛችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጉት። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የላይኛውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ቱቦው ራሱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር የያዙት ብሎኖች ላልተዋል።

ከፍ ዝቅ የሚል መሪ ያላቸው የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች አንድ የታወቀ ሕመም አላቸው። ውስጥ ያሉት 4 ብሎኖች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፣ መሪውም ከነራሱ ይዋልላል። ሰው ይህን አይቶ ሙሉ ዘንግ ይገዛል። የሚያስፈልገው ግን ፈትቶ ማጥበቅ ነው። የብሎኖቹ ራስ የኮከብ ቅርጽ ስላለው ኢ8 የሚባለውን መፍቻ አዘጋጁ።

ዓመቱ ለምን እንደሚወስን

ቀድሞ የመሪ ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ነበር። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ፣ በግጭት ጊዜ የሚሰበሰብና ጉልበቱን የሚውጥ ዘንግ አስገባ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ደንብ ሆነ። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር በሚደረግ የግጭት ሙከራ ዘንጉ ወደ ሾፌሩ ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ መምጣት የለበትም።

ከዚያ የጄኔራል ሞተርስ የ1969 ሞዴሎች መጡ። የማስነሻ ቁልፉ ከዳሽቦርዱ ወጥቶ ወደ መሪው ዘንግ ተዛወረ፤ መሪውን የሚቆልፍ ዘዴም አብሮ ገባ። ስለዚህ የ1968 እና የ1969 ካማሮ ቁልፋቸው የሚገኝበት ቦታ እንኳ አይመሳሰልም። የእናንተ መኪና ከእነዚህ ለውጦች በፊት ይሁን በኋላ እወቁ። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸው የለውጥ ዓመት አላቸው፤ የመኪናው የጥገና መመሪያ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቁጥርና ልኬት

የመለዋወጫ ቁጥር ካገኛችሁ ሥራው ግማሹ አለቀ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብረቱ ሲቀለጥ አብሮ የወጣው ቁጥርና ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ፋብሪካዎችም አሮጌውን ቁጥር ሰርዘው በአዲስ ይተኩታል። ስለዚህ በአሮጌው ቁጥር ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ የተተካበትን ቁጥር ጠይቁ።

ከዚያ ለኩ። የዘንጉን ርዝመት፣ ውፍረቱን፣ የቱቦውን ውጫዊ ስፋት ጻፉ። የዘንጉን ጫፍ ጥርሶች ቁጠሩ፤ አንዱን በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አለዚያ ቁጥሩ ይጠፋባችኋል። የአሜሪካ ክላሲክ መኪኖች በኢንች የተሠሩ ናቸው። 3/4 ኢንች ማለት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። በማስመሪያ ሲለካ 19 ስለሚመስል በካሊፐር (ውፍረትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩት። ለፍሬቻ ማብሪያ ደግሞ የሽቦዎቹን ብዛትና ቀለም እንዲሁም የሶኬቱን ቅርጽ መዝግቡ። ፎቶ አንሱ፣ ከጎኑም ማስመሪያ አስቀምጡ።

ሻጭ ስታናግሩ እነዚህን አብራችሁ ንገሩት፦ ማርሹ መሪው ላይ ነው ወለል ላይ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ማንዋል፣ መሪው ከፍ ዝቅ ይላል አይልም፣ የመሪ ኃይል አጋዥ አለው የለውም።

የት ይገኛል?

መጀመሪያ የመኪናችሁን ዘመዶች አስቡ። የጄኔራል ሞተርስ የሳጊኖ ክፍል ለሸቭሮሌ፣ ለፖንቲያክ፣ ለኦልድስሞቢል፣ ለቢዊክና ለካዲላክ ዘንግ ይሠራ ነበር። ውስጣቸው ያሉት ብዙዎቹ ትንንሽ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ከ1976 እስከ 1986 የተሠሩት የጂፕ ሲጄ መኪኖች ላይም ያው የሳጊኖ ዘንግ አለ። በጂፕ ስም ፈልጋችሁ ያጣችሁት የፍሬቻ ማብሪያ በሸቭሮሌ ስም ሊገኝ ይችላል። ለእኔ ከፍለጋው ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

የመኪናው ዓይነት ማኅበር ካለው ጠይቁ። አባላቱ የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደሚገጥም ሞክረው ያዩ ናቸው።

ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ የመኪና ዕቃ ሻጭ ጋ ብቻ አትሂዱ። ብዙዎቹ መደበኛ ልክ ያላቸው ናቸው። የውስጡን ስፋት፣ የውጪውንና ውፍረቱን ይዛችሁ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ሂዱ። በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች፣ ለምሳሌ ኤም ጂ ኤ ላይ፣ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ሳይሆን ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ ቀለበት ነው። ይህ ቀላሉ ጥገና ነው።

ያኔ ተሠርቶ ሳይገጠም መደርደሪያ ላይ የቆየ ዕቃ ስታገኙ ደስ ይላል። ለብረት ምርጥ ነው። ለጎማና ለፕላስቲክ ግን አልመክርም። ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ጎማ ባይነዳበትም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የጎማ መጋጠሚያን አዲስ የተሠራ ግዙ።

ያገለገለ ዘንግ ስትገዙ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፊት ለፊት ከተጋጨ መኪና የወጣ ዘንግ አትውሰዱ፣ ቢያብረቀርቅም። ርዝመቱን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ፤ አጥሮ ከተገኘ አንዴ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ቱቦው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ሳይጨማደዱ እኩል መቆማቸውን እዩ። ዘንጉን ዳሽቦርዱ ሥር የሚይዘው ማቀፊያም በግጭት ጊዜ እንዲላቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ከቦታው የተንሸራተተ ነገር ካለበት ተዉት።

የሚሰበሰበው ዘንግ ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ፒኖች ናቸው። በግጭት ጊዜ ይቆረጣሉ፣ ዘንጉም እርስ በርሱ ይገባል። በመዶሻ ስትመቱትም ይቆረጣሉ። ስለዚህ መሪው አልወጣ ሲል የዘንጉን ጫፍ ፈጽሞ አትምቱ፤ በመሪ መንቀያ አውጡት። ያገለገለ ዘንግ ስታዩም ጫፉ ላይ የመዶሻ ጠባሳ ፈልጉ። ካለ ይቅርባችሁ።

ቡሺንግ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበትን ቀለበት) ቶርኖ ላይ ማስቀረጽ ችግር የለውም። የመሪ ዘንግን በብየዳ ማስቀጠል ግን ሕይወትን ማስያዝ ነው። ዘንጉ ካልተገኘ መኪናው ይቁም እንጂ የተበየደ አትግጠሙ።

ስትገጥሙ

ባትሪውን አላቅቁ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። መሪውን ከማውጣታችሁ በፊት መሪውና ዘንጉ ላይ የሚገናኝ ምልክት አድርጉ። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች የጎማ መጋጠሚያው ሁለት ብሎኖች ውፍረታቸው ይለያያል። ተገልብጦ እንዳይገጠም ሆን ተብሎ ነው፤ ቀዳዳውን አስፍታችሁ አታስገቡ።

ሲያልቅ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሚይዝ ወይም የሚፋቅ ነገር ካለ እንደገና ፍቱ። ባትሪውን መልሱና ፍሬቻው ከበራ በኋላ ራሱ መመለሱን እዩ። ክላክሱንም ንኩ። ድምፅ ካጣችሁ ማብሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት አዲሱን የጎማ መጋጠሚያ ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች የክላክሱ ኔጋቲቭ የሚያልፈው በመጋጠሚያው ውስጥ ባለ ሽቦ ነው፤ አዲሱ ላይ ያ ሽቦ ከሌለ ክላክሱ አይሠራም።