ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ሥራውን በአጃይል መንገድ እንዴት ይመራል?

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች የአጃይልን (ሶፍትዌርን በትንንሽ ቁራጭ እየሠሩ ቶሎ ቶሎ ለተጠቃሚ የማሳየት አሠራር) መግለጫ ሲያወጡ፣ ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር እንደሚያስቀድሙ አስታወቁ። ሦስት አራት ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ለግዙፍ ድርጅት ልክ የተሰፋውን የስብሰባ ጋጋታ እንዳለ መልበሳቸው ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ አውጡ። የግድግዳ ወረቀትም ሆነ ትሬሎ የተባለው የኢንተርኔት ሰሌዳ ያገለግላል፤ እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ካርድ ይጻፍ። «ያልተጀመረ»፣ «በመሠራት ላይ» እና «ያለቀ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ።

ቀጥሎ ሥራውን ቆራርጡ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለመድኃኒት መደብር የክምችት መቆጣጠሪያ ትሠራላችሁ እንበል። «የክምችት ክፍል» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ለሳምንታት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ፋርማሲስቷ በ30 ቀናት ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልፍባቸውን መድኃኒቶች ታያለች» የሚል ካርድ ግን በጥቂት ቀናት ተሠርቶ ሊታያት ይችላል። ዝርዝሩ በመደርደሪያ ቁጥር ቢሆንላት እንደምትመርጥ የምትነግራችሁም ያን ጊዜ ነው። በካርዱ ጀርባ ሥራው አለቀ የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ ጻፉ፦ ኮዱን ሌላ ሰው አይቶታል፣ ፍተሻውን አልፏል፣ ተጠቃሚዋ እጅ ገብቷል።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ በተጀመረ ሥራ ላይ ገደብ ማበጀት። መነሻው ካንባን፣ ማለትም የቶዮታ ፋብሪካዎች ሥራን በካርድ የሚቆጣጠሩበት ዘዴ ነው። አራት ከሆናችሁ «በመሠራት ላይ» ከሦስት ካርድ በላይ አይያዝ። አራተኛው ሰው የተጓተተውን ያግዝ፣ የባልደረባውን ኮድ ይመርምር እንጂ አዲስ አይጀምር። ሥራ የፈታ ስለሚመስል አለቆች ቅር ይላቸዋል፤ እናንተ ግን ጽኑ። በግማሽ የቀሩ ስምንት ሥራዎች ለፋርማሲስቷ ምንም አይፈይዱላትም።

በየጠዋቱ ለሚደረገው ስብሰባ ስክረም የተባለው የአጃይል ዘዴ 15 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ለአራት ሰው ግማሹ ይበቃል። ትናንት ማን ምን እንደሠራ እየዞራችሁ አትጠያየቁ። ለማለቅ ከተቃረበው ካርድ ጀምሩና ምን እንደጎደለው ተነጋገሩ።

በየሁለት ሳምንቱ ፋርማሲስቷ የደረሰውን ሥራ ራሷ እየነካካች ትሞክረው፤ እናንተ ዝም ብላችሁ የት ላይ እንደምትቸገር ተመልከቱ። ከዚያ ቡድኑ ለብቻው ተቀምጦ በአሠራሩ ላይ የሚቀይረውን አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ በካርድ ጽፎና የሚፈጽመውን ሰው ስም አስፍሮም ሰሌዳው ላይ ይለጥፈው።