ፖሊስ የማን ይሁን? ስንከራከር የምንስታቸው ነገሮች

ሻይ ቤት ፖሊስ የማዕከሉ ይሁን ወይስ የየክልሉ የሚለው ወሬ ከተነሳ ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሁሉም በአንድ እዝ ይሁን» ይላል። ሌላው «ፖሊስ የሰፈሩ ልጅ መሆን አለበት» ይላል። ሁለቱም የሚስቱት ነገር አለ።

«የአካባቢው ኃይል ለሕዝቡ ያዝናል» ማለት

ለየትኛው ሕዝብ? እ.ኤ.አ. መስከረም 1957፣ ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ። ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች እስከዚያ ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው። አገረ ገዢው ኦርቫል ፎበስ ናሽናል ጋርዱን፣ ማለትም በገዢው የሚታዘዘውን የክልሉን ወታደር፣ በር ላይ አሰለፈባቸው። ከዘጠኙ አንዷ ኤሊዛቤት ኤክፎርድ ቤቷ ስልክ አልነበረም። ሌሎቹ ተሰባስበው እንደሚሄዱ ሳትሰማ ብቻዋን መጣች። ወታደሮቹ አላሳልፍም አሏት። ከኋላዋ ሕዝቡ ይጮህባታል። ያም «የአካባቢው ሕዝብ» ነበር እንግዲህ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከፌዴራሉ ጦር 101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ላኩ፤ ጋርዱንም ከገዢው እጅ ወስደው በፌዴራል እዝ ሥር አደረጉት። በሩን ዘግቶ የነበረው ያው ጋርድ በኋላ ልጆቹን ሲጠብቅ ከረመ።

«አንድ ማዕከል ቢኖር ወንጀለኛ አያመልጥም ነበር» ማለት

ጀርመን ውስጥ 16ቱ ክልሎች የየራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ኤንኤስዩ የሚባል የኒዮ ናዚ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 በተለያዩ ከተሞች አሥር ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ሟቾች የቱርክ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ቡድኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መረጃው በየክልሉ ተበታትኖ መቅረቱ እውነት ነው። ግን ፖሊስ ለዓመታት የሟቾችን ቤተሰብ ሲጠረጥር ኖሯል። ይህን ማዕከል አያድነውም። ደግሞ ጌስታፖን፣ የናዚዎቹን ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የምታስታውስ አገር ሁሉንም ለአንድ እጅ ለመስጠት ብታመነታ አይፈረድባትም።

የአሜሪካንን ብዛት እንደ ሞዴል መቁጠር

ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስ ተቋማት አሏት። ከአንዱ የተባረረ ፖሊስ ሌላው ጋ ሲቀጠር በተደጋጋሚ ታይቷል።

ሕገ መንግሥቱን ሳይከፍቱ መጨቃጨቅ

የኛው አንቀጽ 52 ለክልል ፖሊስ ይሰጣል። አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል፤ ከክልሉ አቅም በላይ ሲሆን ክልሉ ሲጠይቅ መከላከያ ይገባል ይላል። «ልዩ ኃይል» የሚል ቃል ግን የትም የለም። ቢሆንም የክልል ልዩ ኃይሎች ለዓመታት ከባድ መሣሪያ ታጥቀው ቆዩ። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ ይግቡ ብሎ ሲወስን ሻይ ቤቱ «ይፍረስ፣ አይፍረስ» ብሎ ተናነቀ። «እስካሁንስ ማን ይጠይቃቸው ነበር?» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።