ልጅ ቀልቡን መሰብሰብ ሲያቅተው ወላጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብተሩን በየቀኑ የሚረሳ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጮኽ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ ሥሩ መግባት የሚቀለው ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። ሃምሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ማለት ነው። ከችግሩ ይልቅ ግን እኛ በዙሪያቸው ያለነው የምንሠራው ስህተት የበለጠ ይጎዳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩን እንደ ጠባይ ጥፋት ማየት

«ባለጌ ነው»፣ «እናቱ አቀማጥላው ነው»፣ «አንድ ቀን ደህና አድርጎ ቢገረፍ ይተው ነበር።» ይህን ያልሰማ የእንዲህ ዓይነት ልጅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቤተሰብም በብዛት ይወረሳል። ሐኪም ዘንድ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ «እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ» የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ማቀማጠል አያመጣውም፤ ከረሜላና ስኳርም አያመጡትም።

የቤት ሥራ ሰዓትን ልብ ብላችሁ እዩት። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ነው እንበል፤ አምስት የማባዛት ጥያቄ ተሰጥቶታል። የመጀመሪያውን አሳምሮ ይሠራል። ሁለተኛው ላይ እርሳሱ ይሰበርና መቅረጫ ፍለጋ ይነሳል። መሳቢያው ውስጥ አሮጌ የእጅ ባትሪ ያገኛል፤ ይበራ እንደሆነ ይሞክራል፣ ባትሪ ድንጋዩን ያወጣል፣ መልሶ ይከታል። እናቱ ስትጣራ ደንግጦ ይመለሳል፤ ለምን ተነስቶ እንደነበር ግን ጠፍቶበታል። እርሳሱ አሁንም አልተቀረጸም። ከዚያ ጆሮው ይያዛል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ማታው ይበላሻል። ይህ ልጅ እምቢ አላለም። ሊሠራ ተቀምጦ ነበር፤ የጀመረውን ይዞ መዝለቅ ነው ያቃተው። ለዚህ በየማታው ከተገረፈ ሰነፍና መጥፎ ልጅ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ይህን እምነት በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

«ካርቱን ሲሆን ሁለት ሰዓት ፍንክች አይልም!»

ብዙ ወላጅ «ሲፈልግ ይችላል» ብሎ የሚደመድመው በዚህ ነው። የእነዚህ ልጆች ችግር ትኩረታቸውን እንደ አስፈላጊነቱ መምራት አለመቻላቸው ነው። ካርቱንና ጌም በየሰከንዱ አዲስ ነገር ስለሚያመጡ ራሳቸው ልጁን ይዘው ያቆዩታል፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ይህን አያደርግም።

በዚሁ ምክንያት ሐኪም ክፍል ሲገቡ እንደ በግ ጸጥ የሚሉ ልጆች አሉ። ቦታው አዲስ ነው፣ የሚያናግራቸውም አንድ ሰው ብቻ ነው። በአሥር ደቂቃ ጨዋነት ተታሎ «ምንም የለበትም» ብሎ ወደ ቤት መመለስ አይገባም።

ጸጥ ያለችውን አለማየት

የሚሮጠውንና የሚረብሸውን መምህሩ ወዲያው ያየዋል። መስኮት ዳር ተቀምጣ ሰሌዳውን እያየች የማታየውን፣ ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ በሦስተኛው የምትሰማውን ልጅ ግን ማንም ልብ አይላትም። ትኩረት ብቻ የሚጎድልበት፣ ቅብጥብጥነት የሌለበት ዓይነትም አለ። በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ ምክንያት ዘግይተው ወይም ጭራሹን ሳይታወቁ ያድጋሉ። «ጨዋ ናት፣ ግን ትምህርት አይገባትም» ተብላ ትታለፋለች።

«ሲያድግ ይተወዋል» ማለት፣ ወይም ለሁሉም ስም መስጠት

የሦስት ዓመት ልጅ መሮጡና መውጣት መውረዱ ጤና ነው። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወር ሲቆዩ፣ ከ12 ዓመት በፊት ሲጀምሩ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታዩ፣ እንዲሁም ኑሮውን ወይም ትምህርቱን ሲያውኩ ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚታይ ከሆነ መጀመሪያ እዚያው ያለውን ነገር አጣሩ፤ የሚመታው ልጅ ወይም የሚያስፈራው መምህር ሊኖር ይችላል። ከክፍል ጓደኞቹ በዕድሜ የሚያንስ ልጅም ገና ልጅ በመሆኑ ብቻ ችግር ያለበት ሊመስል ይችላል፤ ዕድሜው ሳይደርስ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡ።

መመዘኛዎቹ ከተሟሉ ግን መጠበቅ አይጠቅምም። ሩጫው ከጉርምስና ጋር ሊበርድ ይችላል፤ የትኩረት ችግሩ ግን በብዙዎች ላይ እስከ አዋቂነት ይዘልቃል።

ሌላ ምክንያት አለመፈለግ

ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ የማይታዘዝ ይመስላል። ዓይኑ የደከመም ሰሌዳውን ትቶ ጎረቤቱን ያዋራል። ቶንሲሉ አብጦ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ያደረ ልጅ ቀን ላይ ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል። የደም ማነስ፣ ለሰከንዶች አፍዝዞ የሚለቅ የሚጥል በሽታ፣ ፊደል የመለየት ችግር፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ በጦርነትና በመፈናቀል የደረሰ ድንጋጤ፣ ሁሉም ይህንን ችግር ይመስላሉ፤ አብረውትም ሊኖሩ ይችላሉ።

ባዶ እጅ መሄድ

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያ ሪፈር ይጻፍላችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ የሚያስፈራቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። በሰፈር ስድብ የሆነ ስም በመሆኑ ብቻ ልጅን ከሕክምና ማስቀረት ያሳዝነኛል። ጸበል የሚወስዱትም ይውሰዱ፤ ሐኪሙም ጸበል አትሂዱ አይላችሁም። አንዱን ለሌላው ብሎ መተው ነው ጉዳቱ።

የልጆች የአእምሮ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ያገኛችሁትን ቀጠሮ በደንብ ተጠቀሙበት። የመምህሩን ደብዳቤ፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩን፣ ያለፉትን ዓመታት ካርዶች ያዙ። እርግዝናውና ወሊዱ እንዴት እንደነበር፣ መቼ አፉን እንደፈታ፣ በዘመድ ውስጥ ተመሳሳይ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ ጻፉ። ችግሩን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ራጅ የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው ወላጅንና መምህርን ጠይቆ፣ ልጁን አይቶ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን መልስ ካላገኛችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ።

መድኃኒቱን በወሬ መወሰን

«ያደነዝዘዋል»፣ «ሱስ ያስይዘዋል» ሲባል ሰምተው የታዘዘውን የሚጥሉ አሉ። ሪታሊን በሚል ስም የሚታወቀው ሜቲልፌኒዴት ለአሥርት ዓመታት የተሠራበትና የተጠና መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ብዙ ልጆችን ይረዳል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል፤ ስለዚህ ክብደቱ፣ ቁመቱና የደም ግፊቱ በየጊዜው ይለካል። በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለ ሳይጠየቁ መናገር ያስፈልጋል። ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በመድኃኒት ሳይሆን ወላጆችን በማሠልጠን ነው።

የባሰው ስህተት ከውጭ በዘመድ ሻንጣ አስመጥቶ በግምት መስጠት ነው። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ለአንዱ ልጅ የታዘዘው ለሌላው አይሆንም።

ከትምህርት ቤት መደበቅ

ልጁ ስም እንዳይወጣለት በሚል ፍርሃት መምህሩ ሳያውቅ ይቀራል። መምህሩ ቢያውቅ ግን በቀላሉ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ፦ ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ ረጅሙን ሥራ መከፋፈል፣ መሀል ላይ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ማስነሳት፣ የጨረሰውን ወዲያው ማመስገን።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን በነፃ እንዲመረምር በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በፌዴራል ሕግ፣ ግዛቱ የራሱን ቀን ካልወሰነ በቀር፣ ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ስብሰባው ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን ወይም ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለ ድክመቱ የሚባለውን ራሱ ተርጉሞ ለእናቱ መንገር አይገባውም፤ እናንተም የፈለጋችሁትን ሁሉ በፊቱ መጠየቅ ይከብዳችኋል።