የታራሚ ሕክምና ሲጓደል አቤቱታን በማስረጃ ስለ ማቅረብ

ታስሮ የታመመ ሰው ነፃነቱን እንጂ የመታከም መብቱን አላጣም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች (ስለ እስረኞች አያያዝ የወጡ ዝቅተኛ መስፈርቶች) በቁጥር 24 ላይ የታራሚ ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን፣ በውጭ ላለው ሰው ከሚሰጠው ሳያንስም በነፃ ሊሰጥ እንደሚገባ ይገልጻሉ።

ሕመሙ ድንገተኛና አስጊ ከሆነ ጽሑፍ እስኪዘጋጅ አይጠበቅም፤ ለተረኛ ኃላፊው ወዲያውኑ በቃል ይነገር፣ ጽሑፉ በማግስቱ ይከተል።

አቤቱታው ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ቀን የተጻፈበትና የተቀባይ ፊርማ ያረፈበት ግልባጭም በእጅ ይቅር። «ታምሜ አልታከምኩም» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል። «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኢንሱሊን ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ አልተሰጠኝም፤ ማክሰኞ ማታ ራሴን ስቼ ወድቄያለሁ፤ አብረውኝ ያሉ 2 ሰዎች አይተዋል» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ሊጣራ የሚገባው ሕክምናውን የከለከለው ማን እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎ ሳለ «አጃቢ የለም፣ መኪና የለም» ተብሎ ታማሚው ከቀረ፣ ጉዳዩ የሕክምና አስተያየት ልዩነት መሆኑ ያበቃል፤ ምክንያቱም በእነዚሁ ደንቦች ቁጥር 27 መሠረት የሐኪምን ውሳኔ የሕክምና ባለሙያ ያልሆነ ሠራተኛ ሊሽረው ወይም ችላ ሊለው አይችልም። እንደ እኔ እምነት ከሪፈር ወረቀቱ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ ቁጥር 26 ታራሚው የራሱን የሕክምና መዝገብ እንዲያይ የሚሰጠውን መብት በመጥቀስ ግልባጩ ይጠየቅ።

አቤቱታው ውድቅ ከተደረገ ወይም ያለ አግባብ ከዘገየ፣ ቁጥር 57 ጉዳዩን ወደ ዳኛ ወይም ወደ ሌላ ሥልጣን ያለው አካል ለመውሰድ ይፈቅዳል፤ ታራሚውም ሆነ ጠበቃው ይህን ማድረግ ካልቻሉ ቤተሰብ ሊያቀርብ ይችላል። ገና ያልተፈረደበት እስረኛ ደግሞ በቀጠሮው ቀን ችግሩን ለዳኛው ተናግሮ ቃሉ በመዝገብ እንዲሰፍር ይጠይቅ፤ በቂ ምክንያት ካለውና ወጪውን መሸፈን ከቻለም በራሱ ሐኪም መታየት ይችላል።

ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ተለይቶ ይጻፍ፦ በየትኛው የሕክምና ዘርፍ፣ እስከ መቼ፣ በገለልተኛ ሐኪም ይመርመር ወይስ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ? ጉዳት ደርሶ ከሆነ ካሣው የየአገሩ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ለብቻው ይጠየቃል፤ ሕይወት የሚያድነው ትእዛዝ ግን የካሣውን ክርክር መጠበቅ የለበትም። ትእዛዙ ሲሰጥም ማረሚያ ቤቱ መፈጸሙን በጽሑፍ የሚያሳውቅበት ቀን አብሮ እንዲቆረጥ ይለመን።