የቤተሰቡን ቮልስ ቦዲ በገዛ ግቢያችን እንዴት እናድስ?

አባታችን ቮልሱን የገዛው በ1965 ዓ.ም. ነው። እኛ አራት ልጆቹ ስንወለድ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባነው በእሱ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ መኪናው ደሴ፣ ሆጤ ባለው ግቢያችን ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ። ዘጠኝ ክረምት አለፈበት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲያወርድ ዝናብ ባይኖር እንኳ ላሜራ ያልበዋል።

አምና ከጥቅምት እስከ ጥር ቦዲውን አደስኩት። ብየዳውንና የመጨረሻውን ቀለም ለባለሙያ ሰጠሁ። የቀረውን ሁሉ በገዛ እጄ ሠራሁት። የእናንተ ፊያት ወይም ፔጆ ቢሆንም የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው።

እድሳት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ቀለም ነው። ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባና የት እንደሚተኛ እወቁ። ይህን ሳታውቁ የተቀባ ቀለም፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ውሃው የተኛበትን መፈለግ

ወስፌ፣ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ያዙ። እኔ ወስፌውን የወሰድኩት ከእናቴ የስፌት ዕቃ ነው። ማግኔቱ ከተበላሸ እስፒከር የወጣ ነው። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አንሸራትቱት። ከሥሩ ላሜራ ካለ ይይዛል። ወፍራም ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) ካለ ይለቃል። ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ላይ ደግሞ ወስፌውን ጫን አድርጉት። ደህና ላሜራ አያሳልፈውም። የበሰበሰው እንደ ድርቆሽ ኩርሽም ይላል።

ቮልስ የሚዝግባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ጀምሩ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚሄደውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ሣጥን እዩ። የሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በውስጡ ባለው መስመር ነው። የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ በዓይን ብቻ ካያችሁት ያታልላችኋል። ከፊት ያለውን የስፔር ጎማ ጉድጓድም አትለፉት። የበሮቹን ታች ጫፍ በጣታችሁ ዳብሱ። እዚያ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አፈር ከደፈናቸው በሩ እንደ ባልዲ ውሃ ይዞ ይከርማል።

የእኛ ቮልስ ላይ ማግኔቱ የወደቀው በቀኝ በር ሥር ነው። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብቼ ብድግ ሳደርገው የመዳፌን ያህል ስቱኮ ባንዴ ተገነጠለ። ውፍረቱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ከጀርባው ጋዜጣ ተጠቅጥቋል። ጋዜጣው እርጥብ ነው፤ ፊደሉ ግን አሁንም ይነበባል። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ አሳምሮ ጨርሶታል ተብሎ አባቴ ሙሉ ዋጋ የከፈለበት ሥራ ነበር። ስቱኮውን እንደያዝኩ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ ያን ቀን ምን ያህል ደስ ብሎት እንደመጣ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ማግኔቱ የለቀቀበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ አክብቡ። ምንም አትለፉ።

መፍታት

አንድ ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። በቅርብም በሩቅም አንሡ። የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎን፣ ዳዶና ሮንደላ ለየብቻ በጣሳ አድርጉና ስሙን ጻፉበት። ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የየት እንደነበር አታስታውሱም።

ቮልስ ለግቢ ሥራ የታደለ መኪና ነው። አራቱም ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) የታሰሩት በቡሎን ነው። አብዛኞቹን የ13 ቁልፍ ይፈታቸዋል። ቡሎኖቹ ግን ከጭቃ ጋር ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። በሽቦ ብሩሽ ጥረጓቸው፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጧቸው፤ ሁለት ሦስት ማታ ደጋግሙት። ቸኩላችሁ ብትታገሉ ቡሎኑ ይበጠሳል፤ ግማሹ ቦዲው ውስጥ ይቀራል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሙሉ ቀን ይበላል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ያለውን ጎሚኒ መልሳችሁ አትጠቀሙበት። አዲስ ግዙ።

አሁን ደግሞ ስለ አደጋው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የቤንዚን ታንኩ ግን ከፊት፣ ኮፋኖው (የፊት ክዳኑ) ሥር ነው። ብልጭታ የሚያወጣ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታንኩ ወጥቶ ከግቢ ይራቅ። ባትሪውም ይነሣ። ታንኩ ባዶ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

ፓራፋንጎው አልድን ካለ ሌላ ማፈላለግ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲመረት ስለኖረ ዕቃው አልጠፋም። ስትገዙ የፊት መብራቱን አስተውሉ። የቀደሙት ሞዴሎች መብራት ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ የኋለኞቹ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ማሰሪያም ይለያያል። ስልክ ደውላችሁ «የቮልስ ፓራፋንጎ» ብቻ ብትሉ የማይገጥም ዕቃ ይላክላችኋል። የመብራቱን ፎቶ ላኩ። ዕቃዎቹን በጋራዥ ስማቸው ጥሩ፦ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ስፖርቴሎ (በር)። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ባለሱቁ የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው።

መቁረጥና መበየድ

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠራተኛ) ወደ ቤት መጡልኝ። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር አቦሉን ሳይጠጡ ወደ መኪናው አልሄዱም። ከዚያ በጣታቸው አጥንት ቦዲውን ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኩ ዞሩት። ድምፁን ያዳምጣሉ። የበሰበሰው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

«አብሽር ልጄ፣ ይድናል» አሉኝ። «በሩን ግን እንዳትፈታው።»

«ለምን ጋሼ?» አልኳቸው። እኔ በሩን ለመፍታት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ታቹን ስንቆርጠው ወገቡ ይጎብጣል። በሩ ካለ ያሳብቅብናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ሣጥን የመኪናው ወገብ ነው። እሱ ሲቆረጥ ቦዲው በሚሊ ሜትር ይረግባል። በሩ ካልተፈታ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እያያችሁ ትለካላችሁ። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ቦዲው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በሩ ተፈትቶ ከተበየደ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። በበሩ ክፍተት ውስጥ፣ መዝጋቱን በማይከለክል ቦታ፣ ብረት አግድም አስበይዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይቆረጥ።

የዛገው ተቆርጦ ይውጣ። በላዩ ላይ ላሜራ መደረብ እንደ ጋዜጣው ነው፤ ዝገቱ ከሥር መብላቱን አይተውም። ቁረጡ ሲባል ወስፌው እምቢ እስኪል፣ እስከ ደህናው ላሜራ ድረስ ነው። የሚተካው 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ከጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ አይሆንም። በጣም ስስ ነው። በዚያ ላይ የተለበጠው ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል።

ብየዳው በነጥብ በነጥብ ይሁን። አንዷን ነጥብ እዚህ፣ ቀጣይዋን ራቅ አድርጎ፣ ከዚያ መመለስ። ባንድ ትንፋሽ ከተበየደ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። የካርቦን (የጋዝ) ብየዳ ወይም ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን ይሻላል፤ ተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለውን ስስ ላሜራ ይበሳዋል።

ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። እዚያ ላይ ግራይንደር አይድረስ። ቁጥሩ ከጠፋ የመኪናውን ማንነት ማስረዳት ከባድ ጣጣ ነው።

ስቱኮ

ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔም ስቱኮ ተጠቅሜያለሁ። ስቱኮ በልኩ ጥሩ ነገር ነው። ልኩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የጠለቀ ጉድጓድ ካለ መጀመሪያ በመዶሻና በማስደገፊያ ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይቃና። መዶሻው ቀላል፣ ምቱም ትንሽ ትንሽ ይሁን። ከጉድጓዱ ጠርዝ እየጀመራችሁ ወደ መሐሉ ግቡ።

ላሜራውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት፤ በቲነር ጥረጉት። የማጠንከሪያው መጠን ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። የደሴ ጠዋት ይቀዘቅዛልና ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ መጨመር ያምራችኋል። አትጨምሩ። ትንንሽ ቀዳዳ ያበዛል፤ በኋላም ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ፀሐዩ እስኪሞቅ ጠብቃችሁ ሥሩ። ያቦካችሁት ስቱኮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠነክር ትንሽ ትንሽ አቡኩ።

ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ፈትጉት። በጣት ብቻ ከፈተጋችሁ ላሜራው ማዕበል ያበጃል። ከ80 ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 320 እለፉ። ስቱኮው ላይ ውሃ አትጠቀሙ፤ ይመጠዋል። ለስልሶ እንደሆነ ለማወቅ ስስ ጨርቅ መዳፋችሁ ሥር አድርጉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑና ዳብሱት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። እኔ የግራ ፓራፋንጎው ላይ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

አንቲረስት

የተራቆተ ላሜራ አያድር። ደሴ ላይ ራቁቱን ያደረ ላሜራ ጠዋት ቀይ ለብሶ ነው የምታገኙት። በቀን ውስጥ የምትቀቡትን ያህል ብቻ ግለጡ፤ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ሥር ቀለም) ቀቡት። ከተጠረገ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ዝገት ያመጣል። ሁለት እጅ ይበቃል። ሲደርቅ በ400፣ ቀጥሎ በ600 አለስልሱት።

ቀለሙ

መጀመሪያ ሊብሬውን ተመልከቱ። እዚያ ላይ የተጻፈውን ቀለም ለመቀየር ካሰባችሁ የትራንስፖርት ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ ወደ ጥንቱ ተመለስን። ዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ላይ፣ የፋብሪካው ውሃ ሰማያዊ አልጠፋም ነበር። ቀለም የሚቀላቅለው ልጅ ከዚያ ላይ አመሳሰለልን።

የመጨረሻውን ቀለም ያስቀባሁት ኮምቦልቻ ወርጄ ነው። ቦዲውን በአይሱዙ ጭነን በሐረጎ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ግን ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ኒትሮ ቀለም (ማጠንከሪያ ሳይጨመርበት ቲነሩ ሲተን የሚደርቀው) እርጥበት ባለው ብርድ ሲረጭ ቲነሩ በፍጥነት እየተነነ ላዩን ያቀዘቅዘዋል። የአየሩ እርጥበት እዚያው ላይ ይጤዛል፤ ቀለሙም ወተት የፈሰሰበት ይመስል ይነጣል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ደግሞ ሲረጭ ሳንባን በእጅጉ ይጎዳል። ተራ የአፍ መሸፈኛ አይመክተውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭምብል ለሌለው ሰው በግቢ ውስጥ እንዲረጨው አልመክርም።

በኒትሮ እቤት ለመቀባት የቆረጠ ሰው ከረፋዱ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ሰዓት ይምረጥ፤ ነፋስ ካለ ይተወው። እሳትም ሲጋራም አይቅረብ። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውሃ ይርጭ። የሚረጨውን ፒስቶላ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያርቅ፤ እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን። ሦስት ስስ እጅ ይቀባ፤ በየመካከሉ 15 ደቂቃ ይጠብቅ። ወፍራም አንድ እጅ ይንጠባጠባል።

መግጠምና መፈተሽ

ከመግጠማችሁ በፊት ከበሩ ሥር ያለውን ሣጥን ከውስጥ አድኑት። ግራሶ በትንሽ አዲስ ዘይት አቅጥናችሁ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ርጩ። ሙቅ አየር በሚያልፍበት መስመር ውስጥ ግን አታስገቡ፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። የበሮቹን የውሃ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። የመስኮትና የፓራብሬዝ ጎሚኒዎች አዲስ ይሁኑ። ገንዘብ ካነሰ ሌላው ይቅር እንጂ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

በመጨረሻ በጀሪካን ውሃ ሙሉ። እናቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩን ዘጋሁት። እኔ ከላይ፣ በቀስታ፣ መጀመሪያ ፓራብሬዙ ላይ፣ ከዚያ በሮቹ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። በግራ በኩል የፓራብሬዙ ታች ጥግ ላይ ስደርስ መስታወቱን አንኳኳች። «እዚህ ጋ!» አለች። አንዲት ጠብታ በዳሽቦርዱ ላይ እየወረደች ነበር። ጎሚኒውን እንደገና አወጣሁት። ጥግ ላይ ታጥፎ ነው የተቀመጠው። አቃንቼ ገጠምኩትና ሁለተኛውን ጀሪካን አመጣሁ።