ፒንግ ይሄዳል፣ ሥራው ግን ቆሟል፦ በግል ክላውድ ውስጥ የተነጠሉ ኔትወርኮች ችግርና መፍትሔ

ሦስት ሰርቨር፣ እነሱን የሚያገናኝ አንድ ስዊች፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ማዕከል ነው። ለምሳሌ ያህል ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ፣ መጋዘኑ ቡሬ የሆነ የገበሬዎች ዩኒየን አለ እንበል። ሰርቨሮቹ በ10.10.10.11፣ በ10.10.10.12 እና በ10.10.10.13 ይገናኛሉ። በላያቸው ላይ ለሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ሦስት የተነጠሉ፣ ማለትም እርስ በርስ እንዳይገናኙ የተለዩ፣ ኔትወርኮች አሉ፦ ፋይናንስ 172.16.10.0/24፣ መጋዘን 172.16.20.0/24፣ ሥልጠና 172.16.30.0/24። ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው ኤስዲኤን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው የፕሮክስሞክስ ሶፍትዌር የኔትወርክ ክፍል ነው፤ ዞኑም (ኔትወርኮቹ የሚለዩበት ዘዴ) ቪኤክስላን ነው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ቪላን፣ ማለትም ኔትወርክን ስዊቹ ላይ በቁጥር የሚከፋፍለው ዘዴ፣ 4094 ኔትወርክ ይይዛል፤ ቪኤክስላን ከ16 ሚሊዮን በላይ። ሦስት ኔትወርክ ብቻ ላለው ቢሮ፣ ስዊቹ ቪላን የሚያውቅ ከሆነ፣ የቪላን ዞን ይበቃል፤ ከታች ከተዘረዘረው ራስ ምታት ግማሹም ይቀርላችኋል። ቪኤክስላን የሚያዋጣው ስዊቹን ሳትነኩ ኔትወርክ መጨመር ስትፈልጉ ወይም ስዊቹ በእጃችሁ ካልሆነ ነው።

ምልክት፦ ፒንግ ይሄዳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም

የሒሳብ ሠራተኛዋ የመግቢያ ገጹ ይመጣላታል። የይለፍ ቃሏን አስገብታ የወሩን ሪፖርት ስትከፍት ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፋይል ሲገለበጥ ይጀምርና ቀጥ ይላል። ኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ ማዘዣው) ይገናኝና የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይንጠለጠላል። ፒንግ (መስመሩን የሚፈትን ትንሽ መልእክት) ግን አንድም አይጠፋም።

ምክንያቱ የፓኬት፣ ማለትም በኔትወርክ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ፣ መጠን ነው። ቪኤክስላን የቨርቹዋል ማሽኑን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ ይልካል፤ ጥቅሉ ብቻውን በአይፒ ቪ4 50 ባይት ይመዝናል። በሰርቨሮቹ መካከል ያለው መስመር የሚያሳልፈው 1500 ባይት ከሆነ ለውስጡ የሚተርፈው 1450 ነው። ማሽኑ ይህን ሳያውቅ ሙሉ 1500 ሲልክ ፓኬቱ መንገድ ላይ ይጣላል፣ ለላኪውም ምንም አይነገረውም። ተራ ፒንግ የሚሸከመው በሊኑክስ 56፣ በዊንዶውስ 32 ባይት ብቻ ስለሆነ እንደ ልቡ ያልፋል። ስለዚህ ባዶ ፒንግ ሄደ ብላችሁ ኔትወርኩ ደህና ነው አትበሉ።

ለማረጋገጥ፣ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ በሚያደርገው አማራጭ ሁለት ጊዜ ፒንግ አድርጉ። ከአንዱ ሰርቨር ላይ ካለ ማሽን ወደ ሌላው ሰርቨር ማሽን መጀመሪያ በ1422 ባይት፣ ቀጥሎ በ1472 ባይት። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት የመጀመሪያው 1450፣ ሁለተኛው 1500 ይሆናል። የመጀመሪያው አልፎ ሁለተኛው ከቀረ ነገሩ ተገኘ።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ እኛ የምንመርጠው የታችኛውን መስመር ማስፋት ነው። የስዊቹን ፖርቶችና የሦስቱንም ሰርቨሮች ካርድ ኤምቲዩ (የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) 1600 ወይም፣ ስዊቹ ከቻለ፣ 9000 አድርጉ። በዞኑ ኤምቲዩ ላይ 1500 ጻፉ። አንድ ካርድ ብትረሱ ችግሩ በዚያ ሰርቨር ላይ ብቻ ይቀርና ፍለጋው ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ወደ እያንዳንዱ በ1522 ባይት ፈትኑ። ስዊቹ ትልልቅ ፓኬት የማያሳልፍ ከሆነ በዞኑ ኤምቲዩ ላይ 1450 ጻፉ፤ በማሽኖቹ የቪርቲዮ (ቨርቹዋል) ካርድ ኤምቲዩ ላይ ደግሞ 1 ጻፉ፤ ይህ ካርዱ የብሪጁን (ማሽኖቹ የሚሰኩበት የሰርቨሩ ውስጣዊ ስዊች) መጠን እንዲወርስ ያደርገዋል። ከዚያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሱት። ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ ብቻውን አዲሱን አያመጣም።

ወደ ቡሬ ሲሆን ሒሳቡ ይቀየራል። ቪኤክስላን ራሱ ምንም ነገር አይመሰጥርም፤ ከግቢ ከወጣ በዋየርጋርድ ወይም በአይፒሴክ የተመሰጠረ መስመር ውስጥ ማለፍ አለበት። የዋየርጋርድ የተለመደ ኤምቲዩ 1420 ነው፤ ከዚያ 50 ሲቀነስ 1370 ይቀራል። ግን እንደዚያ ባታደርጉ ይሻላል። አንድን ኔትወርክ እስከ ቡሬ መዘርጋት ማለት የብሮድካስቱንም (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) የዲኤችሲፒውንም (አድራሻ ማደያው) ጩኸት በቀጭኑ መስመር ላይ መጫን ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ መጋዘኑ አድራሻ እንኳ አያገኝም። ለቡሬ የራሱን 172.16.21.0/24 ስጡትና በዋየርጋርድ ራውት አድርጉት። እዚያም ትልልቅ ፓኬት ከተንጠለጠለ በራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (አንድ ፓኬት የሚሸከመውን ትልቁን የመረጃ መጠን) ወደ 1380 ዝቅ አድርጉ።

ምልክት፦ ኔትወርኩ ተፈጥሯል፣ አንዱ ሰርቨር ግን አያውቀውም

ማሽኑ ሰርቨር 3 ላይ ሲነሳ ብሪጁ የለም ብሎ ይወድቃል። መጀመሪያ አፕላይ የሚለው ቁልፍ መጫኑን እዩ፤ በኤስዲኤን ገጽ ላይ የተጻፈ ሁሉ አፕላይ እስኪባል ድረስ ረቂቅ ነው። ተጭኖም ከሆነ ያ ሰርቨር ዋናው የኢንተርፌስ ፋይል ላይ የኤስዲኤኑን ፋይል የሚጠራው የሶርስ መስመር ጠፍቶበት ይሆናል። አንድ ሰው ፋይሉን በእጁ ሲያስተካክል የሚጠፋው ይህ መስመር ነው። መልሳችሁ ጻፉትና እንደገና አፕላይ አድርጉ። የቪኔት፣ ማለትም በኤስዲኤን የተፈጠረ ኔትወርክ፣ ስም ከ8 ፊደል አይበልጥም፤ ስለዚህ አጭርና ግልጽ ስም ከመጀመሪያው ምረጡ።

ምልክት፦ አንድ ሰርቨር ላይ ያሉት ይገናኛሉ፣ ከሌላው ጋር ግን አይገናኙም

ሦስት ቦታ ፈትሹ። አንደኛ፣ በዞኑ የፒር (አቻ ሰርቨሮች) ዝርዝር ውስጥ ሦስቱም አድራሻዎች መኖራቸውን፤ በኋላ የተጨመረ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚረሳው እዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በሰርቨሮቹ መካከል ቪኤክስላን የሚያልፍበት የዩዲፒ ፖርት 4789 ክፍት መሆኑን። ሦስተኛ፣ የሰርቨሩ አድራሻ ተቀይሮ ፒሩ ላይ አሮጌው መቅረቱን።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት በሁለቱም ሰርቨሮች ካርድ ላይ በቲሲፒደምፕ (በካርዱ የሚያልፈውን ፓኬት በሚያሳየው ትእዛዝ) 4789ን አዳምጡ። ከላኪው ወጥቶ ተቀባዩ ጋ ካልታየ፣ የፒሩን አድራሻ ወይም መሐሉን ጠርጥሩ። ከላኪው ጨርሶ ካልወጣ ፒሩ የለም። ተቀባዩ ጋ ደርሶ ማሽኑ ጋ ካልገባ የተቀባዩ ፋየርዎል ነው፤ ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ፋየርዎሉ ከመጣሉ በፊት ነውና መታየቱ አያታልላችሁ።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ምንም መቀየር አይቻልም

ገጹ ይከፈታል፤ ማሽን አስነሳ ሲባል ግን ኮረም (የሰርቨሮቹ አብላጫ ድምፅ) የለም ይላል። በሦስት ሰርቨር ክላስተር ቢያንስ ሁለቱ እርስ በርስ ካልተያዩ ቅንብሩ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍ አይሆንም። ክረምት ላይ፣ መብራቱ በነጎድጓድ ሲመላለስ፣ ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ሆነው ስዊቹ ከግድግዳው ላይ ከተሰካ ስዊቹ በጠፋ ቁጥር ሦስቱም ለየብቻቸው ይቀራሉ። ስዊቹን ወደ ዩፒኤሱ አዛውሩት። ብዙ ዋት አይበላም፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ኪውዲቫይስ በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። የሚጠበቀውን ድምፅ ወደ 1 ዝቅ ማድረግ የሚፈቀደው ሌላኛው ሰርቨር በእርግጥ መጥፋቱን ሄዳችሁ በዓይናችሁ ካያችሁ ብቻ ነው፤ አለዚያ አንድ ማሽን በሁለት ቦታ ተነስቶ ዲስኩን ያበላሸዋል።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የተነጠለ ኔትወርክ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ የሚፈትነው መገናኘቱን ነው። ከሥልጠና ክፍል ማሽን ላይ ተቀምጣችሁ 172.16.10.0/24ን በኤንማፕ (ክፍት ፖርት በሚፈልገው መሣሪያ) ቃኙ። ከፋይናንስ አንድም ፖርት ከመለሰ ንጥሉ በስም ብቻ ነው።

የሚያፈስሱት ቀዳዳዎች የታወቁ ናቸው። ራውተር ሆኖ የሚሠራው ማሽን፣ ለምሳሌ ኦፒኤንሴንስ፣ በላን በኩል ወደ ሁሉም ቦታ የሚፈቅድ ሕግ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ሲል ኢንተርኔትን ብቻ ሳይሆን ሌሎቹን ኔትወርኮች ጭምር ነው። ከዚያ ሕግ በላይ 172.16.0.0/12ን እና 10.0.0.0/8ን የሚከለክል ሕግ አስቀምጡ፤ ዲኤንኤስና የመሳሰለው ከራውተሩ የሚፈለግ ከሆነ የመፍቀጃውን ሕግ ከክልከላው በላይ አድርጉ። ሲምፕል የሚባለውን ሌላ የዞን ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጌትዌዩ (የኔትወርኩ መውጫ በር) ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ በፋየርዎል ካልከለከላችሁት አንዱን ቪኔት ለሌላው ያደርሳል። ሦስተኛው ሁለት ካርድ የተሰጠው ማሽን ነው፦ ሪፖርት እንዲሰበስብ ከፋይናንስም ከመጋዘንም ጋር የተገናኘ። አይፒ ፎርዋርዲንግ (ፓኬትን ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ማሳለፍ) በርቶበት ከሆነ ድልድይ ነው፤ አጥፉት።

መጨረሻ ላይ ከዚያው የሥልጠና ማሽን ወደ 10.10.10.11 ፖርት 8006 (የፕሮክስሞክስ ማስተዳደሪያ ገጽ) እና 22 (ኤስኤስኤች) ሞክሩ። ማስተዳደሪያው ገጽ ከተከፈተ ሠልጣኙ የሚያስፈልገው አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። የሰርቨሮቹን ኔትወርክ ከማሽኖቹ ሁሉ ዝጉ፤ ከአስተዳዳሪው ኮምፒውተር ብቻ እንዲገባ ፍቀዱ። የፋየርዎል ሕግ በተነካ ወይም አዲስ ቪኔት በተጨመረ ቁጥር ቅኝቱን ከሦስቱም ኔትወርኮች ድገሙ፣ ውጤቱንም ከቀኑ ጋር መዝግቡ።