ቁልፉ ተዘግቶም የማይጠፋ የካርቡሬተር ሞተር

እንደ ቮልስዋገንና ፔጆ 404 ያሉ በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚደባልቅ ዕቃ) የሚሠሩ የቆዩ መኪኖች ቁልፋቸው ከተዘጋ በኋላም መሥራታቸውን ሲቀጥሉ፣ ባለመኪናው አስቀድሞ መለየት ያለበት ሞተሩን እያሠራው ያለው የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ) እሳት ይሁን ወይስ የሲሊንደሩ ግለት የሚለውን ነው። ሞተሩ ቁልፉ ያልተዘጋ ይመስል በተስተካከለ ድምፅ ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያመራል። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከቁልፉ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል) በሚመጣው ሽቦ ጫፍ ላይ የመፈተሻ አምፖል ሲያዝ ከበራ፣ ወይ የማስነሻ ቁልፉ ውስጡ አልላቀቅ ብሏል፣ ወይም ዲናሞው በቻርጅ መብራቱ በኩል ቦቢናውን መልሶ እየመገበው ነው። አምፖሉ ሳይበራ ሞተሩ እየተንገጫገጨና እየተርገፈገፈ ከቀጠለ ግን ቤንዚኑ ያለ ካንዴላ፣ በጋለ ካርቦን ወይም ብረት ብቻ እየተቀጣጠለ ነው፤ ብዙ የሚያደክመውም ይህኛው ነው።

ለጊዜው ለማቆም ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይበቃል። ሞተሩ በራሱ እስኪበቃው መተው አይመከርም፤ ወደ ኋላ የሚዞርበት ጊዜም አለና።

ያለ ካንዴላ የመቀጣጠሉን ምክንያት ለማግኘት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ መኪና ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ደሴ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ እየደከመ እንዳይጠፋ መካኒኩ የሚኒሞውን ቡሎን ያጠብቃል፣ የቤንዚኑን ደግሞ ይቀንሳል፤ ያው መኪና ቁልቁለቱን ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወፍራምና ሞቃት አየር ስለሚያገኝ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ድብልቁም ቤንዚን ያንሰዋል፣ የሲሊንደሩም ግለት ይጨምራል። በመሆኑም ደሴ ላይ በሰላም የሚጠፋ ሞተር ኮምቦልቻ ሲደርስ አልጠፋ ቢል ሊያስደንቅ አይገባም። መፍትሔው ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ፣ መኪናው በብዛት በሚውልበት ከተማ ላይ ሚኒሞውን በፋብሪካው መመሪያ ልክ፣ ማለትም በብዙዎቹ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች ከ700 እስከ 900 ዙር በደቂቃ አድርጎ እንደገና ማስተካከል ነው። በየከተማው ቡሎን እያዞሩ መኖር ግን ሥራ አይደለም፤ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ልክ ይገኛል።

ካርቡሬተሩ ላይ አንዲት ሽቦ የምትገባበት አነስተኛ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በውስጡ ባለው መርፌ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚዘጋ ዕቃ) ካለ ሚኒሞው ከተስተካከለ በኋላ ይፈተሻል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሽቦዋ ስትነቀል ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መርፌው ቆሽሾ አልዘጋ ብሏል፣ ወይም ቀደም ሲል የነካው ሰው መርፌውን ቆርጦ አውጥቶታል። የተነቀለችው ሽቦ ቦዲ እንዳትነካ መጠንቀቅ ይገባል፤ ፊውዝ ታቃጥላለች።

ቀጥሎ ካንዴላ ይፈታል። ጫፉ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ፣ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ወይም ካንዴላው ለሞተሩ ከሚገባው በላይ ሙቀት ይይዛል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል፦ በኤንጂኬ ካንዴላዎች ቁጥሩ ሲያንስ ሙቀት ይዞ የሚቆይ ዓይነት ሲሆን፣ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። ጥርሱ ስለገባ ብቻ ከሌላ መኪና የተወሰደ ካንዴላ ብዙ ጊዜ የችግሩ ምንጭ ይሆናል። በካርቡሬተሩ ሥር አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ጎማና ዘግይቶ የሚለኮስ እሳትም ግለቱን ይጨምራሉ።

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ የደረሰ መኪና ደግሞ ወዲያው ባይጠፋ ይመረጣል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ቢቆይ ይቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ፒስተኑ አናት ላይ የተጋገረው ካርቦን መጠረግ አለበት፣ ለዚህም ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይነሳል። ወጪው ቀላል ስላልሆነ የመጨረሻው ሥራ ሊሆን ይገባል። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ቴስታታው ከተነሳ ግን አለመጣመሙን ማስለካትና አዲስ ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር የሚገባ ማሸጊያ) ማስገባት የግድ ነው፤ አሮጌው ተመልሶ ከተገጠመ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል።